ሁለት መስመር ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀብኝ

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ባለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ከተቀጠርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። በቅርቡ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር መጣብኝ። ማናጀራችን በየዓርቡ የእያንዳንዳችንን የኮሚት (መዝግበን ያስገባነው የኮድ ለውጥ) ብዛትና የጻፍነውን የኮድ መስመር ቁጥር ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለጥፋል። ሰሞኑን ሁሌም መጨረሻ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባግ (የኮድ ስሕተት) እንዳስተካክል ተሰጠኝ። የኪራይ ውል የሚመዘግብ ሲስተም አለን። በ2020 ዓ.ም. የሚያልቅ ውል ሲገባበት የፈረንጁን ቀን አንድ ቀን አስቀድሞ ያወጣል። 2018 ላይም፣ 2019 ላይም፣ 2021 ላይም ልክ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ሳነብ ዋልኩ። የጻፉት ልጆች ድርጅቱን ለቀዋል። በመጨረሻ አገኘሁት። ኮዱ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ነው የሚቆጥረው። 2019 ግን ጳጉሜን 6 አለው፤ ስለዚህ የ2020 እንቁጣጣሽ የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ያስተካከልኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ከ800 መስመር በላይ ጽፎ አንደኛ ወጣ። ማናጀሩም ከሥሩ ‹አንድ ጎበዝ ዴቨሎፐር የ10 ሰው ሥራ ይሠራል› ብሎ ጻፈበት።

ሲኒየሮቹን መጠየቅ እፈራለሁ፤ ይቺ ምንም አታውቅም እንዳይሉኝ። እኔም ሥራ ስጀምር አንዱ ይጠራኛል፣ ስልክ ይጮሃል፣ ስመለስ የት እንደነበርኩ ይጠፋብኛል። ፈጣን የሚያደርገኝ ቱል ካለ ይንገሩኝ። ኤአይ ልጠቀም? ወይስ ይህ ሥራ ለእኔ አይደለም?

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ»

መልሱ

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሥራው ላንቺ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ያየኋት ቀርፋፋ ሰው አይደለችም። በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የሚል ስሕተትን፣ የጻፉት ሰዎች በሌሉበት፣ ከሰው ኮድ ውስጥ ፈልቅቃ ያወጣች ልጅ ናት። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም ይህን የምለው። ምክንያቴን ልንገርሽ።

እስቲ እነዚያን ሁለት ቀኖች ቀስ ብለን እንያቸው። መጀመሪያ ስሕተቱ ባንቺም ላፕቶፕ ላይ እንዲታይ ማድረግ ነበረብሽ። ከዚያ «ለምን 2020 ብቻ?» ብለሽ ሌሎቹን ዓመታት አንድ በአንድ ሞከርሽ። ከዚያ ቀን የሚቀይረው ኮድ የት የት እንዳለ መፈለግ መጣ። ከዚያ 11 የሚለው ቁጥር ኮዱ ላይ በቀጥታ ተጽፎ ማግኘት። ከዚያ ደግሞ ቁጥሩን ብነካው ሌላ ምን ይበላሻል ብሎ ማሰብ። ሁለቱ መስመሮች የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ያልደከመበት ሰው «ዓመቱ 2020 ከሆነ አንድ ቀን ጨምር» የምትል መስመር ጽፎ በአሥር ደቂቃ ይገላገል ነበር። 2023 ደግሞ ጳጉሜን 6 ስለሚኖረው፣ በ2024 የሚያልቅ ውል ሲገባ ሌላ ሰው ያንኑ ባግ እንደ አዲስ ይፈልገዋል። አንቺ ያንን ሰው ከድካም አድነሽዋል።

ዴቨሎፐሮች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ማጥናት ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። ተመራማሪዎች ቢሮ ድረስ ሄደው ከሰው ጎን ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴም በሠራተኛው ፈቃድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሆነውን ይመዘግባሉ። በ2018 በፈረንጆቹ (ከዚህ በታች የጥናቶቹና የታሪኮቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የታተመ አንድ ጥናት 78 ባለሙያ ዴቨሎፐሮችን በ7 ፕሮጀክቶች ላይ ተከታትሏል። የተመዘገበው የሥራ ሰዓት 3,148 ነው። ውጤቱ ምን ሆነ መሰለሽ? ከጊዜያቸው 58 በመቶ ያህሉ የሄደው የተጻፈን ኮድ በማንበብና በመረዳት ነው። ከግማሽ በላይ! እነዚህ ደግሞ ተማሪዎች አይደሉም፣ ደመወዝ የሚበሉበት ሥራቸው ነው። ያው ጥናት ጁኒየሮች ለመረዳት የሚወስድባቸው ድርሻ ከሲኒየሮቹ እንደሚበልጥም አሳይቷል። እንግዲህ ገና ዓመት ያልሞላሽ፣ የለቀቁ ሰዎች ኮድ የተሰጠሽ ልጅ ሁለት ቀን ብታነቢ ምን ይገርማል? እኔን የሚገርመኝ በሁለት ቀን መጨረስሽ ነው።

አሁን ወደዚያ የዓርብ ዝርዝር እንምጣ። ነገሩ ውስጥሽን እየበላው እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታያል፣ እና ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ፤ ዝርዝሩ ስሕተት ነው። ማናጀርሽ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ምናልባት እሱም ከበላዩ ላለ ሰው ሪፖርት ማቅረብ አለበት፣ እና በቀላሉ የሚቆጠረውን ቆጠረ። የኮድ መስመር ቆጥሮ ዴቨሎፐርን መመዘን ግን ሐኪምን በጻፈው የመድኃኒት ወረቀት ብዛት እንደ መመዘን ነው።

በዚህ ላይ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1982 አፕል ሊሳ የተባለውን ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ ማናጀሮቹ ኢንጂነሮቹን በየሳምንቱ የጻፉትን መስመር ብዛት ፎርም ላይ እንዲሞሉ ማድረግ ጀመሩ። ቢል አትኪንሰን የስክሪኑን ሥዕል የሚሠራውን ክፍል ያዘጋጀ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን የኮዱን አንድ ትልቅ ክፍል እንደ አዲስ አስቦ ጻፈው። ፕሮግራሙ ከበፊቱ ብዙ እጥፍ ፈጠነ፣ 2,000 ያህል መስመር ደግሞ ከውስጡ ወጣ። ፎርሙ ሲመጣ መስመር በሚሞላበት ቦታ ላይ ከዜሮ በታች 2,000 ብሎ ጻፈ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፎርሙን እንዲሞላ መጠየቃቸውን ተዉት። ይህ የዛሬ 40 ዓመት ገደማ የሆነ ነገር ነው። ዛሬም በየቢሮው መደገሙ ያሳዝነኛል።

«አንድ ጎበዝ የ10 ሰው ሥራ ይሠራል» የሚለውም ነገር ሥሩ ሩቅ ነው። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ሳክማን፣ ኤሪክሰንና ግራንት የተባሉ ተመራማሪዎች 12 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን ፈትነው ነበር። ዓላማቸው ሰው መመዘን እንኳ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ በቀጥታ መሥራትና ሥራን አስረክቦ ውጤት መጠበቅ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ሲያዩት ግን ባግ ለማግኘት በወሰደው ጊዜ በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል 28 እጥፍ ልዩነት ወጣ። ዓለም ዋናውን ጥያቄ ትቶ ይቺን ቁጥር ይዞ ሮጠ። ቆይተው የመረመሩት ሰዎች ግን ቁጥሩ በተለያየ ሁኔታና በተለያየ የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩትን ሰዎች አንድ ላይ ቀላቅሎ የወጣ መሆኑን አሳዩ። በዴቨሎፐሮች መካከል ልዩነት የለም እያልኩሽ አይደለም፣ አለ። ግን አጠገብሽ ያለው ልጅ አዲስ ገጽ ከዜሮ እየጻፈ አንቺ የለቀቁ ሰዎችን ኮድ እያነበብሽ ሳለ ሁለታችሁን በአንድ ቁጥር ማወዳደር ልክ ያንን የ1968ቱን ስሕተት መድገም ነው። ልጁም ጥፋት የለበትም። የተሰጠውን ነው የሠራው።

ምን ታደርጊ? ግሩፑ ላይ አትከራከሪ። ሰው ፊት የተነገረውን ማናጀር ሰው ፊት መመለስ ስለሚኖርበት ነገሩ ክርክር ብቻ ይሆናል። ብቻውን ስታገኚው፣ ወይም አጭር ቀጠሮ ይዘሽ፣ እንዲህ በይው፦ «ባለፈው ሳምንት የሠራሁት ዝርዝሩ ላይ አይታይም። በ2020 የሚያልቁ ውሎች ሁሉ ቀናቸው ተሳስቶ ይወጣ ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል። ሥራዬ በምን እንደሚለካ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።» በቃ። ቅሬታ ሳይሆን ሥራሽን ነው ያቀረብሽው። «ታዲያ በምን ልለካ?» ካለሽ መልስ ይኑርሽ። በ2021 ከማይክሮሶፍት፣ ከጊትሃብና ከካናዳው የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ስፔስ የሚባል የአመዛዘን ማዕቀፍ አውጥተዋል። ዋና ሐሳቡ የዴቨሎፐር ሥራ በአንድ ቁጥር አይለካም የሚል ነው። ሠራተኛው በሥራው ያለው እርካታ፣ የተሠራው ነገር ለተጠቃሚው የሰጠው ጥቅም፣ የሥራው እንቅስቃሴ፣ የቡድኑ መግባባት፣ ሥራው ሳይቆራረጥ መፍሰሱ፣ እነዚህ አብረው ይታያሉ። ኮሚትና መስመር ከአምስቱ የአንዱ ትንሽ ቁራጭ ናቸው። ከዝርዝሩ ይልቅ እያንዳንዱ ሰው በየዓርቡ «ምን ጨረስኩ፣ ምን ያዘኝ» የሚል ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ማናጀርሽ የተሻለ ነገር ያያል። አንቺ ቀድመሽ ጀምሪው። ዝርዝሩ ከደመወዝና ከዕድገት ጋር ከተያያዘና ማናጀርሽ ጆሮ ካልሰጠሽ ግን ሌላ ቤት መፈለግ ነውር የለውም። ያኔ የምትለቂው ድርጅቱን ነው፣ ሙያውን አይደለም።

አሁን አጥብቄ ልነግርሽ ወደምፈልገው ነገር መጣሁ፦ መጠየቅ መፍራትሽ። ከደብዳቤሽ ውስጥ እውነተኛ ችግር ብዬ የያዝኩት ይህን ነው። በ2008 አንድሩ ቤገልና ቤዝ ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች ማይክሮሶፍት ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው የተቀጠሩ 8 አዲስ ዴቨሎፐሮችን ተከታትለው ነበር። ልጆቹ በኮድ ችሎታ የሚታሙ አልነበሩም። ያስቸገራቸው ከሰው ጋር ያለው ነገር ነው። ቶሎ አይጠይቁም። ብቻቸውን ከችግሩ ጋር ሲታገሉ ጊዜ ይነጉዳል። ምክንያቱ ደግሞ ያንቺው ነው፤ አታውቅም እንዳይባሉ ይፈራሉ። ስንቱን ፈተና አልፈው እዚያ የገቡ ልጆች እንኳ!

ሲኒየሮቹስ? በ2007 እዚያው ማይክሮሶፍት ውስጥ 17 ዴቨሎፐሮችን ከጎናቸው ሆነው የተመለከቱ ተመራማሪዎች፣ ሰዎቹ የሚፈልጉትን መረጃ ከየት እንደሚያገኙ ቆጥረዋል። በብዛት ይሄዱ የነበረው ወደ ሥራ ባልደረባ ነው። መልስ ለማግኘት ከሚያስቸግሩት ጥያቄዎች አንዱ ደግሞ «ይህ ኮድ ለምን እንዲህ ተጻፈ?» የሚለው ነበር። ኮዱ ምን እንደሚሠራ ይነግርሻል፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን ያለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲኒየር ሲጠይቅ ስታዪ አላዋቂ ሆኖ አይደለም። እየሠራ ነው። ያንቺም እንደዚያው ይታይ።

ሲኒየሮችን የሚያሰለቸው እጅ እግር የሌለው ጥያቄ ነው። «ሰላም፣ ኮዱ አልሠራልኝም፣ ልታይልኝ ትችላለህ?» የሚል መልእክት ሲደርሰው ሰውዬው ሥራውን ትቶ ካንቺ ጋር ከዜሮ መጀመር አለበት። በዚህ ፈንታ እንዲህ ብትጽፊለትስ፦ «ሰላም። በ2020 የሚያልቁ ውሎች የፈረንጅ ቀናቸው በአንድ ቀን ይቀድማል። 2018፣ 2019ና 2021 ላይ ልክ ነው። ቀን የሚቀይረውን ፋንክሽን አይቼዋለሁ፣ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 ብሎ ነው የሚጀምረው። ሌላ ቦታም ቀን የሚቀየርበት ኮድ እንዳለ ታውቃለህ? ሲመችህ ብቻ መልስልኝ።» ይህን ያነበበ ሰው ይቺ ምንም አታውቅም አይልም። ሻይ እየጠጣ በአንድ መስመር ይመልስልሻል። ብዙ ጊዜ ደግሞ መልእክቱን ስትጽፊው መልሱ ራሱ ከእጅሽ ይወጣል። ለራስሽ ገደብ አብጂ፤ ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ከቆምሽና አዲስ የምትሞክሪው ነገር ካለቀብሽ ጻፊ። ሁለት ቀን ሙሉ አትጠብቂ።

አንቺም ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ተጨነቂለት። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው ዴቨሎፐሮች ስለ ኮዱ ያላቸውን እውቀት በብዛት በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት፣ በጽሑፍ አያሰፍሩትም። እነዚያ ልጆች ሲለቁ እውቀታቸውም አብሯቸው ሄደ፣ ዕዳው ላንቺ ተረፈ። ስለዚህ ያንን ኮሚት «ባግ ተስተካክሏል» ብለሽ ብቻ አትለፊው። «ጳጉሜን 6 ካለው ዓመት ቀጥሎ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ 11 ተብሎ ነበር» የሚል ይጻፍበት። ከዚያ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ ልክ መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጻፊለት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ሁለቱንም አስገቢ፣ ጳጉሜን 6ንም ራሷን አስገቢ። የረጅም ዘመን ሊዝ የምትመዘግቡ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖራቸው ከዚያ ወዲያ ቀኑ በአንድ ይገፋል፣ እንቁጣጣሽም ወደ ሴፕቴምበር 12 እና 13 ይዞራል። ይህን ማናጀርሽ ሲሰማ ሁለት ቀንሽ የት እንደሄደ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መቆራረጡ ያልሽው እውነት ነው፣ ያንቺም ብቻ አይደለም። ክሪስ ፓርኒንና ስፔንሰር ሩጋበር የተባሉ ተመራማሪዎች የ86 ፕሮግራመሮችን 10,000 የሥራ ክፍለ ጊዜ መዝገብ መርምረው ነበር። ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኮድ መጻፍ የጀመሩት ከአሥር አንዱ ላይ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ ፋይል እየከፈቱ፣ የት እንደነበሩ ሲፈልጉ ይቆያሉ። ስለዚህ «የት እንደነበርኩ ይጠፋብኛል» ስትዪ የምታወሪው የሥራውን ባሕርይ ነው። ግሎሪያ ማርክና ባልደረቦቿ በ2008 ባደረጉት ሙከራ ደግሞ የሚቋረጡ ሰዎች ሥራውን በፍጥነት ይጨርሱታል፣ ግን ውጥረቱና ብስጭቱ ይብስባቸዋል። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ያ ድካም ከየት መጣ ብለሽ ከሆነ፣ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነገር ነው። ሰው ሲጠራሽ ከመነሳትሽ በፊት «አሁን ይህን እያየሁ ነበር፣ ቀጥሎ ያንን ልሞክር ነው» የሚል አንድ መስመር እዚያው ኮዱ ላይ ጣይ። ብዙ ፕሮግራመሮች ሆን ብለው የማይሠራ መስመር ይጽፋሉ። ሲመለሱ ፕሮግራሙ አልነሳም ሲል ቀጥ ብሎ ያቆሙበት ቦታ ይወስዳቸዋል። መብራት ሲሄድም፣ ኢንተርኔት ሲቆረጥም፣ ዓርብ ማታ ወጥተሽ ሰኞ ስትመለሺም ይሠራል። ቢሮው ውስጥ ደግሞ መስማማት ይቻላል። ፍሎውላይት የሚባል ሙከራ ነበር፣ በ2017 የታተመ። በ12 አገሮች ላሉ 449 ሠራተኞች ጠረጴዛቸው ላይ መብራት ተደረገላቸው። መብራቱ ሰውዬው በሥራ መጠመዱን ከኪቦርድና ከማውሱ እንቅስቃሴ ገምቶ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይበራል። መቋረጥ በ46 በመቶ ቀነሰ። እናንተ መብራት መግዛት አያስፈልጋችሁም። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ሄድፎን ያደረገ ሰው አይጠራም ብትባባሉ ይበቃል። ስልክሽን ግን ራስሽ ዝም አሰኚው። ያንን ማንም አያደርግልሽም።

ቱል ብለሽኛል። እንግዲህ ከሁሉ በፊት ኮድ ውስጥ መፈለግን ተካኚ። ጉግል ውስጥ በ2015 የታተመ ጥናት 27 ዴቨሎፐሮችን ተከታትሎ በቀን በአማካይ 12 ጊዜ ኮድ ውስጥ እንደሚፈልጉ አሳይቷል። ኮድ በሚጻፍበት በቪኤስ ኮድ ላይ በመላው ፕሮጀክት መፈለጊያውን፣ አንድ ፋንክሽን የት የት እንደተጠራ የሚያሳየውን፣ ወደ ተጻፈበት ቦታ የሚያዘልለውን፣ እነዚህን ሦስቱን ጣትሽ እስኪለምዳቸው ተጠቀሚባቸው። ቀጥሎ የኮዱን ለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት። አንድን መስመር ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ኮሚት እንዳስገባው የሚያሳየው ብሌም የሚባለው ትእዛዝ፣ የለቀቀ ሰው ትቶልሽ የሄደው ብቸኛ ወሬ ሊሆን ይችላል። ባይሴክት የሚባለው ደግሞ ድሮ ይሠራ የነበረ ነገር የት ላይ እንደተበላሸ በመሃል እየቆረጠ ይፈልግልሻል። በ1,000 ኮሚት ውስጥ ጥፋተኛውን በ10 ሙከራ ገደማ ያገኘዋል። ፕሮግራሙን በየመስመሩ እያስቆመ የሚያሳይሽን ዲባገርም አትፍሪው። በየመስመሩ ማሳያ እየጻፉ መገመት የብዙዎቻችን ልማድ ነው፣ ግን ጊዜ የሚበላው የተሳሳተ ግምት ነው። በ2004 ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሚ ኮና ብራድ ማየርስ ዋይላይን የሚባል ቱል ሠርተው ነበር። ሰው «ይህ ለምን ሆነ?» ወይም «ያ ለምን አልሆነም?» ብሎ ፕሮግራሙን ራሱን እንዲጠይቅ ያደርጋል። በሙከራው ላይ ባግ የመፈለጊያውን ጊዜ ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ አሳጥሮታል። አንቺ «ለምን 2020 ብቻ?» ብለሽ ስትነሺ ያለ ቱሉ ያንኑ መንገድ ነበር የያዝሽው።

ኤአይን በተመለከተ፣ ተጠቀሚ፣ ግን ዓይንሽን ከፍተሽ። ሁለት ጥናቶች ላሳይሽ። ኮፓይለት የሚባለውን ኮድ የሚጽፍ ኤአይ የሚያወጡት ማይክሮሶፍትና ጊትሃብ የተሳተፉበት አንድ ሙከራ 95 ፕሮግራመሮችን አንድ ትንሽ የዌብ ሰርቨር በጃቫስክሪፕት ከዜሮ እንዲጽፉ አደረገ። ኮፓይለት የተሰጣቸው በ55.8 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ። በ2025 ደግሞ ሜትር የተባለ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸው ዴቨሎፐሮችን፣ ለዓመታት በሠሩበት ትልቅ ኮድ ላይ፣ 246 ሥራዎችን አሠራቸው። ኤአይ በተፈቀደላቸው ሥራዎች ላይ በ19 በመቶ ዘገዩ። የሚገርመው ከመጀመራቸው በፊት በ24 በመቶ እንፈጥናለን ብለው ነበር፣ ከጨረሱ በኋላም በ20 በመቶ ፈጥነናል ብለው ያምኑ ነበር። ያንቺ ሁኔታ ከሁለቱም ጋር አንድ አይደለም። በልምድ ገና ነሽ፣ ኮዱ ግን አሮጌና የሰው ነው። እኔ የምልሽ፣ የማታውቂውን ፋንክሽን እንዲያብራራልሽ ጠይቂው፣ ቴስት ሲጻፍ ያግዝሽ፣ የሰጠሽን መልስ ግን ኮዱ ላይ ሄደሽ አረጋግጪ። ስለ ጳጉሜንና ስለ እኛ አቆጣጠር ሲመልስልሽ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቂ፣ በሚታወቁ ቀኖች ፈትኚው። የተከራዮችን ስምና የውላቸውን ዝርዝር በፍጹም እዚያ ላይ እንዳትለጥፊ። ፈጥኛለሁ ብለሽ በስሜት ከመፍረድሽ በፊትም ተመሳሳይ ሥራዎችን በእሱና ያለ እሱ ሠርተሽ ሰዓቱን መዝግቢው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በቡድናችሁ ኮድ ሪቪው፣ ማለትም አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው የሚያይበት አሠራር፣ ካለ ጁኒየር ነኝ ብለሽ ከዳር አትቁሚ። በ2013 ማይክሮሶፍት ውስጥ የተደረገ ጥናት ሰዎች ኮድ ሪቪው ባግ ለማግኘት ነው ብለው ቢጀምሩትም፣ ከታሰበው ይበልጥ የሚገኝበት ሌላ ነገር መሆኑን አሳይቷል፦ እውቀት ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ፣ ኮዱም የሚነበብ ሆኖ መሻሻሉ። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ከሲኒየሮቹ አንዱን «ፑል ሪኩዌስት ስትልክ እኔንም ጨምረኝ፣ ለመማር ነው» በይው። መጀመሪያ ሰሞን አንድም አስተያየት ባትጽፊ ችግር የለውም፣ አንብቢ። ያልገባሽን አንድ መስመር መርጠሽ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለሽ እዚያው ጠይቂው። መልሱ ተጽፎ ስለሚቀር ካንቺ በኋላ የሚቀጠረው ልጅም ያገኘዋል።